ያስረከብነው ሽጉጥ፣ ዕቃዎቹ የማን ናቸው?

የአንባቢያን ሕግ ነክ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል። ሦስቱም በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ከሚኖሩ ወገኖቻችን የመጡ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም ለፖሊስ ስለተሰጠ ወይም ሊሰጥ ስለታሰበ የጦር መሣሪያ ልዩ ልዩ ክፍሎች ነው። የጠያቂዎቹን ስም ትተን፣ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረን አቅርበናል። ቀናቶቹ ሁሉ፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በዲሲ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ያስተዳድረው የነበረውን የመጠጥ መደብር ለመሸጥ ዕቃ ስናስተካክል፣ ከሒሳብ መቀበያው በታች ካለው መሳቢያ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ሽጉጥ፣ ሦስት ካዝናዎችና ግማሽ ካርቶን ጥይት አገኘን። የእጀታውን ግራና ቀኝ ልባስ ባለቤቴ ራሱ ከወይራ እንጨት ጠርቦ የሠራው ሲሆን፣ በአንደኛው ላይ ትንሽ መስቀል ቀርጾበታል። እኔ መሣሪያ በቤቴ ማኖር አልፈልግም። ለፖሊስ ላስረክብ ስል ግን የባለቤቴ ወንድም «አፈሙዙንና ካዝናዎቹን ፈትተን በኢንተርኔት እንሽጣቸው፤ እነሱ ተራ ብረት ናቸው፤ የቀረውን ብቻ ስጪያቸው» አለኝ። ይህ በሕግ ይፈቀዳል? እንጨቶቹንስ ለልጆቼ ማስቀረት እችላለሁ? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው።

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የባለቤትዎ ወንድም የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ፣ እውነት የሆነው ግማሽ ሌላውን ግማሽ የሚያስረሳ መሆኑ ነው።

በአገራችን ውጅግራም ሆነ ምንሽር፣ አንድ ሰው «ጠመንጃ አለኝ» ሲል ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ያለውን ሁሉ ማለቱ ነው፤ ከመካከሉ የትኛው ብረት «ጠመንጃው» እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የአሜሪካ ሕግ ግን ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሰጥቶበታል። በ1968 የወጣው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ «ፍሬም» ወይም «ሪሲቨር» የሚባለውን፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚገጠሙበትን ዋናውን አካል፣ ብቻውን ሳለ እንኳ እንደ ሙሉ የጦር መሣሪያ ይቆጥረዋል። ፋብሪካው መለያ ቁጥር እንዲያትም የሚገደደውም በዚሁ አካል ላይ ነው። ሽጉጡን ሳይነኩት ከጎን ቢመለከቱ፣ እጀታው ካለበትና ከቃታው በላይ ከተዘረጋው የታችኛው ብረት ላይ ቁጥሩን ያገኙታል፤ ሕጉ ሽጉጥ የሚለው እሱን ነው። አፈሙዙ፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት፣ ቃታው፣ ጥምዝምዙ፣ ማነጣጠሪያው፣ የእጀታው ልባስ፣ እነዚህ ሁሉ በፌዴራሉ ሕግ ዓይን የመለዋወጫ ዕቃዎች ናቸው። ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ማጣራት በፖስታ ሳይቀር ይሸጣሉ፤ ይገዛሉ።

ከዚህ አጠቃላይ ደንብ ውጪ የሆኑ ጥቂት ክፍሎች አሉ። ድምፅ ማፈኛ ራሱን ችሎ እንደ ጦር መሣሪያ የሚቆጠር ሲሆን፣ ለእርሱ ብቻ ተብሎ የተሠራ ክፍልም እንደዚያው ነው። አንድን ሽጉጥ ቃታው እንደተሳበ ያለማቋረጥ እንዲተኩስ የሚያደርግ መቀየሪያ፣ ምንም እንኳ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ቢሆን፣ በ1934 በወጣው ሕግ መሠረት እንደ መትረየስ ይቆጠራል። ያላለቀ ፍሬም ከነመሰርሰሪያው በሣጥን ታሽጎ «ይህ ገና ሽጉጥ አልሆነም» እየተባለ ይሸጥ የነበረበትን አካሄድ ለመዝጋት በ2022 የወጣውን የፌዴራል ደንብም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 26 ቀን 2025 በ7 ለ2 ድምፅ አጽንቶታል። እርስዎ በጠቀሷቸው ዕቃዎች ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

እንግዲህ ወንድምዬው ባሉት መንገድ አፈሙዙና ካዝናዎቹ ቢወጡ የሚቀረው ምንድን ነው? የሚቀረው ሕጉ «ሽጉጥ» የሚለው አካል ራሱ ነው። ዕቃውን በመፍታት ኃላፊነቱ በአንዲት ቅንጣት አይቀንስም። እንዲያውም የዲሲ ሕግ የጦር መሣሪያን ሲተረጉም መተኮስ ቻለም አልቻለም እንደ መሣሪያ እንደሚቆጠር በግልጽ ስለሚናገር፣ ግማሹ ተፈትቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ከመሆን አይድንም።

ካዝናዎቹን በተመለከተ፣ በፌዴራል ደረጃ ነጻ የሆነው በየስቴቱ ነጻ አይደለም። በሜሪላንድ ከጥቅምት 1 ቀን 2013 ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥም፣ መግዛትም፣ መቀበልም የተከለከለ ነው። ብዙ ካዝናዎች በጀርባቸው ላይ ተራ ቁጥር ያላቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ስላሏቸው የሚይዙትን ብዛት ከዚያ ማንበብ ይቻላል። ቁጥሩ ከ10 ካለፈ፣ የባለቤትዎ ወንድም ሜሪላንድ ተቀምጠው በኢንተርኔት ሲሸጡት «ተራ ብረት» አይሆንላቸውም። በዲሲ ውስጥ ደግሞ የዚሁ ዓይነት ክልከላ በፍርድ ቤት ሲያከራክር የኖረ ስለሆነ፣ የክርክሩ አካል ከመሆን ከሽጉጡ ጋር አብሮ ማስረከቡ ይመረጣል።

አፈሙዙን መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ነጥብ ላይ ከሕጉ ቃል አልፌ ምክር ልስጥ። ባለቤትዎ ሽጉጡን ከማን እንደገዙት፣ ከእርሳቸው በፊትም በማን እጅ እንደነበረ እርስዎ አያውቁም። አፈሙዝ በውስጡ ጥምዝ ቦይ ያለው ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ያለፈች አረር ሁሉ የቦዩን ምልክት ተሸክማ ትወጣለች፤ የፖሊስ ባለሙያዎች አንዲትን አረር ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚያገናኙት በዚህ ነው። ፖሊስ የተረከበውን መሣሪያ መለያ ቁጥር ሲያጣራ የተሰረቀ ሆኖ ወይም በአንድ ጉዳይ የሚፈለግ ሆኖ ቢገኝ፣ አፈሙዙ ከሽጉጡ ጋር መኖሩ እርስዎን ከነገሩ ነጻ ያወጣል፤ አፈሙዙ ለማይታወቅ ገዢ ተሸጦ መገኘቱ ግን፣ በንጹሕ ልብ የተደረገ ቢሆንም፣ ረጅም ማብራሪያ የሚጠይቅ ነገር ይሆናል። ጥቂት ዶላር ለማግኘት ይህን ያህል መጋለጥ ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማስረከቡ እንምጣ። ሽጉጡ ያለው ዲሲ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይዘውት አይሻገሩ። የዲሲ ሕግ፣ አንድ ሰው መሣሪያን ወይም ጥይትን በፈቃዱና በሰላም ለፖሊስ አስረክቦ ከተወ፣ በዚያ መሣሪያ ምክንያት በዲሲ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እንዳይያዝና እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። ማስረከብ የሚቻለው በማንኛውም የፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ወይም ፖሊስ ወደ ቤትዎ ወይም ወደ ሥራ ቦታዎ እንዲመጣ በመጥራት ነው። ራስዎ ይዘውት የሚሄዱ ከሆነ ጥይቱ የወጣለት፣ በሚገባ የተጠቀለለና ጥቅሉም በግልጽ የሚታይ ሆኖ መያዝ አለበት፤ በቦርሳ ተሸሽጎ መሄድ የለበትም። መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ ወይም አሻራ እንዲሰጡ አይገደዱም። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ለተረከበ መሣሪያ ገንዘብ አይከፈልም። መሣሪያው ለማስረጃ የማይፈለግ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲወገድ ሕጉ ያዛል። እርስዎ ሽጉጥ አያያዝ የማያውቁ ከሆነ (ደብዳቤዎ እንደዚያ ያስመስላል) ጥይቱን ለማውጣት አይሞክሩ፤ መሳቢያውን ዘግተው፣ ፖሊስ ወደ መደብሩ እንዲመጣ ቢጠሩ ከሁሉ ይሻላል።

የወይራው ልባስ ግን በየትኛውም ሕግ እንጨት ነው፤ ማስቀረቱን የሚከለክል ነገር የለም። ጥያቄው «መቼ?» የሚለው ነው። ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል አስረክቦ መተው ስለሆነ፣ ሽጉጡ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ በላዩ ላይ የቀረ ነገር ሁሉ፣ እንጨቱም ጭምር፣ የእርስዎ መሆኑ ያበቃል፤ ኋላ ሄደው «መስቀሉን መልሱልኝ» ቢሉ የሚሰማዎት አያገኙም። እንደዚህ ዓይነት የእንጨት ልባስ ብዙውን ጊዜ በየጎኑ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች የተያዘ ነው። ፖሊሱ መጥቶ ጥይቱን ካወጣና መሣሪያው ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከመረከቡ በፊት፣ ታሪኩን ነግረው ብሎኖቹን እንዲፈታልዎ ወይም እንዲያስፈታዎ ይለምኑት። ፖሊሱ ይህን የማድረግ ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ምክንያቱን ሰምቶ እሺ የሚል ብዙ ነው። ጠፍጣፋ አፍ ያለው አነስተኛ ብሎን መፍቻ በእጅዎ አዘጋጅተው ይጠብቁ።

በደብዳቤዎ ባይጠይቁትም፣ ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። በአብያተ ክርስቲያናትና በካውንቲ ፖሊስ ትብብር በሚካሄዱ የመሣሪያ መሰብሰቢያ ቀናት፣ መሣሪያ ላመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የስጦታ ካርድ ይሰጠዋል። ሰጪው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ብረቱ እንደሚቀልጥ አምኖ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ2023 መጨረሻ ያወጣው ምርመራ ግን በብዙ ከተሞች የሆነው ሌላ እንደነበር አሳይቷል። መሣሪያዎቹን እንዲያስወግዱ በፖሊስ የተቀጠሩ ኩባንያዎች መለያ ቁጥር ያለበትን ያንኑ አንድ አካል ብቻ ሰባብረው፣ አፈሙዙን፣ የላይኛውን ብረት፣ ሰደፉንና ጥምዝምዙን በአንድነት አሽገው ይሸጡት ነበር፤ ገዢው ከዚያ አዲስ ፍሬም ገዝቶ ይገጥምበታል። ይህ ከላይ ካስረዳነው ትርጉም በቀጥታ የሚመነጭ ነው፤ ሕጉ «መሣሪያ» ያለው ተሰብሯል፣ የቀረው የመለዋወጫ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ አሠራሩ ሕጋዊ ነበር። የፌዴራሉ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ፣ በአጭሩ ኤ.ቲ.ኤፍ. የሚባለው፣ ስለ ማስወገድ የሚሰጠው መመሪያም ማቅለጥን፣ መፍጨትን ወይም መጨፍለቅን ቢያስቀድም፣ በእሳት ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁርጥ ቢያንስ ሩብ ኢንች ብረት እንዲያጠፋ የሚጠይቀው ስለዚሁ ሪሲቨር ነው።

የስቴቶቹ ሕግ ደግሞ እንደየፖለቲካቸው ይለያያል። በኬንታኪ በፖሊስ የተያዘ መሣሪያ ፈቃድ ላላቸው ነጋዴዎች በጨረታ ይሸጣል። በአሪዞና ከተሞች መሣሪያ እንዳያጠፉ ስቴቱ ከልክሎ፣ የቱሳን ከተማ እምቢ ስትል የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ፈርዶባታል። በቨርጂኒያ በ2020 እንደተሻሻለው ሕግ፣ ከተማ ወይም ካውንቲ መሣሪያ መግዛት ቢፈልግ አስቀድሞ የራሱን ደንብ ማውጣት ያለበት ሲሆን፣ የተረከበውም፣ ሰጪው እንዲሸጥለት በጽሑፍ ካልጠየቀ በቀር፣ እንዲወድም ይደረጋል። እኔ እንደማምነው፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሽጉጡን ያስረከበ ሰው ግማሹ ተመልሶ ገበያ እንደሚወጣ አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ቀን መሣሪያ የምታስረክቡ አንባቢያን ሁሉ፣ ካርዱን ከመቀበላችሁ በፊት «የሚጠፋው ሙሉው ነው ወይስ ሪሲቨሩ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከባለቤቴ ጋር በተፈጠረው ጉዳይ፣ እኔም በተገኘሁበት ችሎት፣ ፍርድ ቤቱ የጥበቃ ትእዛዝ ሰጥቶብኛል። ሽጉጤን በዚያው ቀን ለፖሊስ አስረክቤአለሁ። አሁን በተከራየሁት አፓርታማ ውስጥ አንድ ትርፍ አፈሙዝ፣ ሁለት ካዝና፣ ሁለት ካርቶን ጥይትና ከተኩስ ልምምድ እያመጣሁ በጠርሙስ ያጠራቀምኩት ባዶ ቀለህ አለ። የታዘዝኩት መሣሪያ እንዳስረክብ ስለሆነ እነዚህን ማስቀመጥ እችላለሁ? ሽጉጡንስ ጓደኛዬ ወስዶ እንዲሸጥልኝ ማድረግ ይቻላል? ያለኝ ግሪን ካርድ ነው።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከዕቃዎቹ ሁሉ አደገኛው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነው።

ማስታወቂያ ደርሶትና የመሰማት ዕድል ተሰጥቶት፣ የትዳር ጓደኛውን እንዳያስፈራራና እንዳይጎዳ የጥበቃ ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው፣ ትእዛዙ እስካለ ድረስ መሣሪያም ሆነ ጥይት እንዳይይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ክልከላ ሰኔ 21 ቀን 2024 በ8 ለ1 ድምፅ አጽንቶታል። ቅጣቱም ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል። የፌዴራሉ ሕግ «ጥይት» የሚለው ደግሞ ተሟልቶ ለመተኮስ የተዘጋጀውን ብቻ አይደለም፤ ቀለሁን፣ ማቀጣጠያውን፣ አረሩንና ባሩዱን ለየብቻቸው ይጠቅሳል። ብዙ ሰው ለማስታወሻ የሚያስቀምጠው፣ አንዳንዱም ቁልፍ ማንጠልጠያ የሚያሠራበት ባዶ ቀለህ፣ ለእርስዎ ዛሬ እንደ ጥይት ሊቆጠር ይችላል። ሁለቱን ካርቶንም ጠርሙሱንም ሳይውሉ ሳያድሩ ከቤትዎ ያስወጡ። ይህንን ግን ራስዎ ተሸክመው አይሂዱ፤ ጠበቃዎ ወደ ፖሊስ ደውሎ የሚረከብበትን መንገድ ቢያመቻች ይሻላል።

ትርፍ አፈሙዙና ካዝናዎቹ በፌዴራሉ ሕግ መሣሪያም ጥይትም አይደሉም፤ መያዛቸውም መሸጣቸውም በዚያ ሕግ አይከለከልም፤ ካዝናዎቹ ግን ባዶ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሆኖም ከሕጉ በተጨማሪ በእጅዎ ያለውን ትእዛዝ ቃል በቃል ያንብቡ፤ ዳኛ ከሕጉ ዝቅተኛ መጠን አልፎ ሊያዝ ይችላልና። በተግባርም፣ ነገ ፖሊስ በሌላ ምክንያት ቤትዎ ቢገባና ለሽጉጥ የተዘጋጀ አፈሙዝና ካዝና ቢያገኝ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሽጉጡስ የት አለ?» የሚል ይሆናል። ሽጠው የሽያጩን ደረሰኝ መያዝ ከማስቀመጥ ይሻላል።

የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የደረሰው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ መሣሪያውን ለሕግ አስከባሪ እንዲያስረክብ፣ ወይም ለፈቃድ ያለው ነጋዴ ወይም በሕግ ላልተከለከለ ሰው እንዲሸጥ ወይም እንዲያስተላልፍ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ይህን መፈጸሙን ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ስለ ሁለተኛው ግዴታ በደብዳቤዎ አልጠቀሱም፤ ብዙዎች ሽጉጡን ሰጥተው ወረቀቱን ይረሳሉ። አልፎ ከሆነ ሳይዘገዩ ያስገቡ፤ ፖሊስ የሰጠዎትን የመረከቢያ ደረሰኝም ያያይዙ።

በፖሊስ እጅ ያለው ሽጉጥ ባለቤትነቱ አሁንም የእርስዎ ነው። በፍርድ ትእዛዝ ተገድዶ ማስረከብ፣ ከላይ ከተነገረው በፈቃድ አስረክቦ ከመተው በተለየ፣ ንብረትነቱን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው መያዙን ነው። በዚህ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 የሰጠው የሄንደርሰን ውሳኔ ይጠቅመዎታል። ሄንደርሰን ቀድሞ የድንበር ጠባቂ ፖሊስ ነበር። በ2006 በወንጀል ተከሶ በዋስ ሲለቀቅ መሣሪያዎቹን አስረከበ፤ ጥፋተኛነቱን አምኖ ከተቀጣ በኋላ ግን መያዝ ስለተከለከለ «ለወዳጄ ይሸጡልኝ ወይም ለባለቤቴ ይተላለፉልኝ» ብሎ ጠየቀ። የሥር ፍርድ ቤቶች ይህ ራሱ እንደ መያዝ ነው ብለው ከለከሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይህን ሽሮ፣ የተከለከለ ሰው መሣሪያው በነጋዴ በኩል እንዲሸጥለት፣ ወይም ፍርድ ቤት ከተስማማ ለሌላ ሰው እንዲተላለፍለት ማድረግ እንደሚቻል ወሰነ፤ ተቀባዩ መሣሪያውን መልሶ የሚሰጠው ወይም እንዲያዝበት የሚፈቅድለት ከሆነ ግን አይቻልም። የሄንደርሰን ጉዳይ የወንጀል ቅጣት የተከተለው ክልከላ እንጂ የጥበቃ ትእዛዝ አልነበረም፤ የውሳኔው ምክንያት ግን ለእርስዎም የሚሠራ ነው። ጓደኛዎ አብሮዎት የሚኖር ወይም ነገ «አምጣው» ሲሉት የሚያመጣ ሰው ከሆነ ይተዉት። ፈቃድ ላለው ነጋዴ በቀጥታ ከፖሊስ እጅ እንዲተላለፍና እርስዎ ዋጋውን ብቻ እንዲቀበሉ በጽሑፍ ቢጠይቁ ማንም አይጠራጠርዎትም።

ግሪን ካርድዎን የጠቀሱት ይህን ፈርተው ከሆነ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ፣ በ1968ቱ ሕግ ትርጉም የጦር መሣሪያ የሆነን ማንኛውንም መሣሪያ፣ «ክፍል» ወይም «ተጨማሪ ዕቃ» ሕግን ተላልፎ በመያዝ፣ በመግዛት ወይም በመሸጥ ጥፋተኛ የተባለን የውጭ ዜጋ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል ይላል። «ክፍል» የሚለው ቃል የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ በዚያው ሕግ ትርጉም መሣሪያ የሚባሉትን፣ ማለትም ፍሬሙን፣ ሪሲቨሩንና ድምፅ ማፈኛውን ነው የሚመለከተው፤ ተራ አፈሙዝ በዚህ ውስጥ አይወድቅም። ከዚህ ተለይቶ ግን፣ የጥበቃ ትእዛዙን አንዳንድ ክፍሎች ጥሰዋል ብሎ ፍርድ ቤት መወሰኑ ብቻውን ለመባረር ምክንያት ይሆናል፤ በወንጀል መፈረድ እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ ከወንጀል ጠበቃዎ በተጨማሪ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክሩ፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ቢነጋገሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የአደን ጠመንጃዬን በካውንቲው የመሰብሰቢያ ቀን አስረከብኩ። የሚረከቡት ሰዎች «መነጽሩን አንፈልገውም፣ ፈትተህ ውሰድ» ስላሉኝ የማነጣጠሪያው መነጽር በእጄ ቀርቷል። ጥሩ ዋጋ ያወጣ ዕቃ ነው። ጎንደር ላለው ወንድሜ በሚቀጥለው ወር በሻንጣዬ ይዤለት ልሂድ?

መልስ፦ አይሂዱ። መነጽሩ እዚህ አገር ውስጥ ያለ ምንም ፈቃድ የሚሸጥና የሚገዛ ነው፤ ጠመንጃውን ማስረከብዎም በመነጽሩ ላይ ያለዎትን መብት አይነካም። ከአገር ማውጣት ግን ሌላ ሕግ አለው። አውቶማቲክ ያልሆኑ የጦር መሣሪያዎች፣ አፈሙዞቻቸውና የማነጣጠሪያ መነጽሮቻቸው ከመጋቢት 9 ቀን 2020 ወዲህ በንግድ ሚኒስቴሩ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥር ናቸው። በሻንጣ ይዞ መሄድም በፖስታ መላክም በዚያ ሕግ «ወደ ውጭ መላክ» ነው፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሆኖ ሳለ ያለ ፈቃድ የወጣ ዕቃ ከባድ ቅጣት ያስከትላል። በዚያ በኩል ደግሞ በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የመሣሪያን ጉዳይ በፌዴራል ፖሊስ ቁጥጥር ሥር አድርጎታል፤ ለጠመንጃ የተሠራ መነጽር ቦሌ ላይ ከሻንጣ ወጥቶ ሲታይ፣ «ጠመንጃው የለኝም፣ አስረክቤዋለሁ» ብሎ ማስረዳት ለእርስዎም ለወንድምዎም ቀላል አይሆንም። መነጽሩን እዚሁ ይሽጡትና ገንዘቡን ይላኩለት።